ለአንገቴ ቀዳዳ የተከለከለው ይለፍ

ለተከበሩ ጓድ ንጉሡ፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ የተጠበቀ፣ የጎረሱት በሰላም የሚወርድልዎ፣ የጠጡትም ውኃ ከሆድዎ የሚደርስ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን መመኘቴ የእኔ ስለማይደርስ ነው። ደብዳቤዬን በገበያ ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ለጥፌያለሁና ዝም ላሰኘው ብለው እንዳይደክሙ፤ የአዲስ አበባ ሐኪሞች የጉሮሮዬን ነቀርሳ ከነድምፄ ቆርጠው ሲያወጡ ይህን ሥራ አቃልለውልዎታል።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቁስሉ አልገጥም ብሎ አንገቴ ላይ ቀዳዳ ቀረ፤ የምጠጣው ሁሉ በዚያ ይፈሳል። ሐኪሙ ከደረቴ ሥጋ ወስዶ፣ ደም ሥሩን ሳይበጥስ በቆዳዬ ሥር ወደ ላይ አሳልፎ ሊደፍነው ለየካቲት አንድ ቀጥሮኛል። ኬላውን ለማለፍ ግን የእርስዎ ፊርማ ያለበት ይለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. አመልካች በጉባኤ ፊት በገዛ አንደበቱ መጠየቅ አለበት ብለው ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። «ያልጠየቀ አይሰጠውም» አሉና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

፪ኛ. መፈክር ሲባል እጄን ብቻ አንስቼ ድምፅ ባለማሰማቴ «አኩራፊ» ብለው ስላስመዘገቡኝ።

፫ኛ. የሐኪሙን ወረቀት መርምረው፣ ከደረቱ ተቆርሶ የሚተርፍ ሥጋ ያለው ሰው ችግረኛ ሊባል አይችልም ስላሉ። ባለቤቴ ሸዋረግ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ለቅሶዋን ማቆም አቃታት።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። ሞትን አልፈራም፤ ሳልቆርብ መሞትን ግን እፈራለሁ። የነፍስ አባቴ ቄስ ተረፈ፣ ቅዱስ ደሙ በአንገቴ ወጥቶ መሬት ቢነካ ለሁለታችንም ፍዳ እንደሚሆን ነግረውኝ፣ ቀዳዳው ሲዘጋ እንድመጣ እያለቀሱ መለሱኝ። ሠላሳ ዓመት በዘመርኩበት ቤተ ክርስቲያን የሚቆርቡትን በሩቁ እያየሁ እመለሳለሁ። የምለምንዎ ይለፍ እስከዚያ ጽዋ ድረስ ብቻ ነው።

ሌላም የሚያስፈራኝ አለ። በልጅነትዎ ዜማ ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ፤ አነሳሱን፣ አወራረዱን፣ ትንፋሽ አያያዙን ከእኔ ወስደዋል። «አይሰጠውም» ሲሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነበርና የሰማሁት የገዛ ድምፄን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በድምፅ ማጉያው በተናገሩ ቁጥር፣ ከእኔ ተቆርጦ የተጣለው ነገር በአደባባይ ሲዞር እሰማለሁ። ሸዋረግ በሩን ብትዘጋውም ይገባል።

እስከ ቀጠሮዬ ዐሥራ አንድ ቀን አስቀርተውልኛልና ለዚህም እጅ እየነሳሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በፍጹም ዝምታ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ መምህርዎ
መሪጌታ አካሉ
ከመካነ ሰላም አጠገብ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ሐኪሙ ሊያስረዳኝ ብሎ ሥጋው የሚሄድበትን መንገድ ከደረቴ እስከ አንገቴ በእስክሪብቶ አስምሮልኝ ነበር። ሸዋረግ ስታጥበኝ ዙሪያውን ብቻ ታጥባለች። ባለፈው ሳምንት ሊጠፋ ሲል ብራና በምጽፍበት ቀለም ደገምኩት፤ ያ ቀለም እንደማይለቅ ያውቃሉ። ሬሳዬን የሚገንዙት ሰዎች አይተው ምንድን ነው ብለው የጠየቁዎ እንደሆነ፣ ይለፍ ያጣ መንገድ ነው ይበሏቸው።