ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ

ይድረስ ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ የሚያጥረውስ እንዴት ሆነ? እትዬ፣ ይህን ሁሉ የጠየቅሁሽ ለወጉ አይደለም። መልስ እፈልጋለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

የምሠራበት ሆስፒታል ሐኪሞች ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር መሥራት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ታካሚው ሕመሙን ይናገራል፣ ማሽኑ በሽታው ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላል፣ ሐኪሙ ያጸድቃል። ከዚያ በሳምንቱ፣ በወሩና በሦስተኛው ወር ማሽኑ ራሱ ለታካሚው ይደውላል። ተሽሎት ከሆነ ግምቱ ልክ ነበር ብሎ ይመዘግባል፤ ካልተሻለው ስህተቱን ያርማል፣ ታካሚውም እንደገና ይጠራል። የስልኩን ጥያቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው ይጻፈው ተባለ፣ ተኮፍሼ ጻፍኩት፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?

ከመቶው ሰው ዘጠና ስድስቱ ደህና ነኝ፣ ይመስገን አለ። ሪፖርቱን በኩራት አቀረብኩ። የኮምፒውተር መሐንዲሱ፣ ጋሼ፣ ሰው ሁሉ ድኖ አለቀ፣ ወረፋው ግን ምነው እንደ ድሮው ነው ብሎ ሳቀብኝ። ወረፋ መቁጠር ያንተ ሥራ አይደለም ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

ባለቤቴን ሆዷን ሲያማት ማሽኑ ጨጓራ ነው አለ፣ ሐኪሙም አጸደቀ። ሦስት ጊዜ ተደወለላት። ቅጂውን ትናንት አዳመጥኩት። በመጀመሪያው ድምፅዋ ሙሉ ነው። በሦስተኛው በየቃሉ መሀል ትንፋሽ ትሰበስባለች። መልሷ ግን ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነው፤ ደህና ነኝ፣ ይመስገን፣ እናንተስ ደህና ናችሁ? ማሽኑን እኮ ነው የምትጠይቀው። ሦስቱም ልክ ተብለው ተዘግተዋል። በሽታው የቆሽት ካንሰር ነበር። አሁን ጉበቷ ድረስ ተሰራጭቷል። ሐኪሙ ዓይኔን ሳያይ፣ የቀዶ ጥገናው ጊዜ አልፏል አለኝ።

እኔስ የት ነበርኩ? አንድ ጠረጴዛ ላይ አብሬያት እበላ ነበር። ሳህኗን ሳትነካ ስታነሳ አይቻለሁ። ደህና ነሽ እላታለሁ፣ ደህና ነኝ ትለኛለች፣ ጋዜጣዬን እገልጣለሁ።

ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ። አሁን የት ያምዎታል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅስዎታል፣ የትኛው ምግብ አልወርድ አለዎት እያለ ይጠይቃል። ማሽኑ ከሌሎች ይማር ይሆናል። ለእሷ ምንም አይፈይድላትም።

አንቺም ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ትንሽ ትንፋሽ ያጥረኛል እንጂ ደህና ነኝ ብለሻል። ያችን ቃል ሁለተኛ አልቀበልሽም። ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የምትቆሚው? ስንት ትራስ ደርበሽ ትተኛለሽ? እግርሽ ያብጣል? ጽፈሽ መጀመሪያ ለሐኪም አሳዪ፣ ከዚያ ለእኔ ላኪልኝ።

ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽና ሁልጊዜ ለምታኮርፈው ለትንሿም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ደረጃውን ትልቋ ትቁጠረው፤ አንቺን አላምንሽም። ባለቤቴ ስጽፍ አይታኝ፣ እኔም ደህና ነኝ፣ እንዳታስብ በልልኝ ብላለች።

ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከአልጋዋ አጠገብ
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን