ተሸናፊው ሲደውል

ልጄ ኃይለሚካኤል፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ የብራስልስ ብርድ ከአጥንትህ ይራቅ። እኛ ደህና ነን። ሙቀቱም በረድ ብሎልናል።

ሐሙስ ከሰዓት ጎረቤታችን ዘቢባ ዘንድ ሄደን ስለ አሜሪካ የምርጫ ቅስቀሳ ታሪክ የሚያወራ ዶክመንተሪ አየን። በፈረንሳይኛ ስለሆነ ዘቢባ ትተረጉምልናለች። አንድ የጥንት ተወዳዳሪ ባቡር ጭራ ላይ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ፣ "ውይ፣ በሰላም ግባ!" ብዬ እንባዬ መጣ።

"ኧረ አንቺ ዘነቡ፣ ድምፅ ሊለምን መጥቶ ነው!" ብላ ዘቢባ ሳቀችብኝ። ምን ላድርግ? እኛ ጣቢያ ከባቡር ላይ እጁን ያወዛወዘ ሁሉ ሂያጅ ነበር።

መጨረሻ ላይ የተሸነፈው ሰው ስልክ አንስቶ ያሸነፈውን "እንኳን ደስ ያለህ" አለው። ልማዳቸው ነው አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው እስከዳር፣ የጀንበሬ እናት፣ ሻሿን እያስተካከለች "አየሽ፣ ይደውላሉ" አለች።

እዚያ ብራስልስ ለእድራችሁ ሊቀመንበርነት ተወዳድራችሁ ጀንበሬ ካሸነፈህ ወዲህ እንደማትነጋገሩ ሁለታችንም ሰምተናል። አንድ ግቢ ያደጋችሁ ልጆች! እስከዳር ዛሬም እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ግን በር አንኳኩታ ነው የምትገባው። ድሮ መቼ አንኳኩታ ታውቃለች?

እባክህ ደውልለት። "እንኳን ደስ ያለህ" ማለቱ ከከበደህ፣ "እናትህ ደህና ናት፣ ከእናቴ ጋር ቴሌቪዥን ታያለች" በለው፤ የቀረው ራሱ ይመጣል። እግዚአብሔር አንደበትህን ያለስልስልህ፤ እኔንም ከእስከዳር ማንኳኳት ይገላግለኝ።

እናትህ ዘነቡ