መስኮት ሥር ያለው ሣር

ጥር 6
ሣሩን አጠጣሁ። የውሃው ጎማ መጋጠሚያው ላይ ይሾልካል፤ ቀሚሴ ራሰ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ያየኛል። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለው፣ አንደበቱም ከተያዘ አራተኛ ወሩ። ድሮ ይህን ሣር እኔ አልነካም ነበር... የእሱ ነው። ዛሬ በግራ እጁ መስታወቱን አንኳኳ። ምን ማለቱ ነው? በቃ? ጨምሪ? ጨመርኩ። ዓይኑን ጨፈነ። በቃ ማለቱ ነበር መሰለኝ።

ጥር 14
አጨድኩት። ማሽኑ አልነሳ ቢለኝ በመቀስ። ግማሹ ጎፈሬ፣ ግማሹ ራሰ በራ... ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ "እትዬ፣ ማነው በደነዘ ምላጭ የላጨው?" አለች። ሳቅን። ቀና ስል እሱ አልሳቀም።

ጥር 23
ቢጫ ቦታ አየሁ። የሳህን ያህል። ውሃ አንሶት ይሆን?

የካቲት 2
ሳህኑ ትሪ አከለ። ሳብ ባደርገው እንደ ምንጣፍ ተነሳ። ከሥሩ ነጫጭ ትል፣ ጥቅልል ጥቅልል ብሎ... ጣሳ ሙሉ ለቀምኩ። ወገቤ! ጣሳውን አሳየሁት።
"መድ... መድ..."
"መድኃኒት?"
ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ። የቱ? የት ነው ያስቀመጥከው? ከ"መድ" ማለፍ አቃተው። ትራሱን በቡጢ መታ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የካቲት 3
ዕቃ ቤቱን ገለባበጥኩት። ስድስት ጠርሙስ። የአምስቱ ጽሑፍ ለቋል፤ ስድስተኛው የቀለም ማቅጠኛ ነው።

የካቲት 11
ልጃችን ደወለች። "እማዬ፣ ሲሚንቶ አስደርጊበትና ተገላገይ።"
"አባትሽ እያየ?"


የካቲት 19
አትክልተኛ አስጠራሁ። በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገው። "እማማ፣ ይሄ አልቆለታል። ተገልብጦ እንደ አዲስ ካልተተከለ..."
"እስኪይዝስ?"
"ሦስት አራት ወር።"
ሐኪሙ ስለ ባለቤቴ ወር ቆጥሮ ማውራት ከተወ ቆየ... ገብቼ ጠየቅኩት። ይገልበጥ? መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ።
"እንዳ... እንዳሻሽ።"
ሙሉ ቃል! ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እዚህ ቤት ስለ ሣር "እንዳሻሽ" ተብሎ አያውቅም።

የካቲት 24
አትክልተኛው ገለበጠው፤ አዲስ ዘር ዘራበት። ለጊዜው አፈር ብቻ። ባለቤቴ ሲያየው ዋለ። ምሳውን አልነካም።

የካቲት 27
ዛሬ ጠዋት በግራ እጁ ወደ ግድግዳው አመለከተ። አሁንስ ወዲያው ገባኝ... ምነው ባልገባኝ። ጎረቤቴን ጠርቼ አልጋውን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዞርነው። ማጠጣቱን እኔ ልያዘው አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ግድግዳው ባዶ ነው። ሥዕል ልስቀልልህ? አልፈለገም። ወንበሬን አዙሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ግድግዳ እያየን ረፈደ።