በፍልሰታ የተገዛ የማታ ትኬት

እሑድ፣ ነሐሴ 10፤ አሌክሳንድሪያ

ትናንት ማታ ልጄን ማህሌትን ይዤ መዝናኛ ፓርክ ሄድኩ። ፓርኩ ለሌላው ሰው ከተዘጋ በኋላ በልዩ ትኬት የሚገባበት ዝግጅት ነው። ሚስቴ ሰብለ ዋጋውን ስትሰማ "ቀን መሄድ እያለ?" ብላኝ ነበር። "ወረፋ የለውም፤ አይስክሬሙና ፋንዲሻው ደግሞ በነጻ ነው፣ ይካካሳል" አልኳት።

እውነትም ወረፋ የለም። ቀን ቢሆን አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያስቆመው ሮለርኮስተር ላይ ማህሌት ስድስት ጊዜ ወጣች። እኔ ሁለቴ ወጥቼ ወገቤን ያዝኩ። እስከዚህ ድረስ ትኬቱ አዋጥቷል።

ከዚያ አይስክሬም የሚታደልበት ጋሪ ጋ ሄጄ ሁለት አነሳሁ። የራሴን ከፍቼ ገመጥኩና የእሷን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

"ዳዲ፣ ኢትስ ፍልሰታ" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ።

አሥር ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ መጾም መጀመሯ ነው። ጹሚ ብዬ የመከርኳት ደግሞ እኔው ነኝ። የያዝኩትን ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተትኩት። የገመጥኩት ግን ወርዷል።

ቤት ስንደርስ ሰብለ አልተኛችም ነበር። "እሺ፣ ነጻ ያልከው አይስክሬምስ?" አለችኝ እየሳቀች።

"ማሚ፣ ፍልሰታ እኮ ነው!" አለቻት ማህሌት በአማርኛ፣ ወደ ክፍሏ እየገባች። አልዋሸችም፤ እኔንም አላጋለጠችኝም።

ትኬቱ ያዋጣ አያዋጣ እንጃ። ዛሬ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስነዳ በመስታወቱ ከማህሌት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ቀድሜ ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነኝ።