በጭጋግ ሰዎች ላይ የጻፍኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ከቀኑ 9፡40

የምሳ ሰው ወጣ። ሠራተኛዬ ዋንጂሩ ጠረጴዛ እየወለወለች ነው። እኔ ካሸሪው ጋ፣ ታብሌቴ ፊቴ። ሬስቶራንቴ ያለበት ሁርሊንግሃም ዝናብ ነው፤ እስከ 12 ሰዓት ዝር የሚል የለም። ስሚኝ ደብተሬ።

ዛሬ 9 ሰዓት ላይ የ«ሐይቆቹ ጌቶች» ጌም አዲሱ ወገን በቪዲዮ ታየ። ስንት ወር የጠበቅነው። ጌሙን የሚሠራው እዚሁ ናይሮቢ ያለ ትንሽ ኩባንያ ነው። እስከ ዛሬ አራት ወገን ነበር፤ አንዱን መርጠሽ ከተማ ትገነቢያለሽ፣ ከሌላው ጋር ወይ ትዋዋያለሽ ወይ ትዋጊያለሽ። እኔ ሁሌም ድንጋይ ጠራቢዎቹ ነኝ። አምስተኛው የጭጋግ ሰዎች ይባላሉ። ግራጫ ሸማ፣ ቀጫጭን ጀልባ፣ ፊታቸው የማይታይ። ሲያምሩ! የተጫዋቾቹ ግሩፕ ቀወጠው። ሞምባሳ ያለው፣ ሲያፉ ነኝ የሚለው ተጫዋች ብቻውን ሃያ ጊዜ ጽፏል። እኔም እልል ልል ነበር።

ቪዲዮው ሲያልቅ የሠራው ሰው ስም ወጣ። ናትናኤል።

የእኛው ናትናኤል። ለሄለኔ ቀለበት አስሮ፣ ለጥር ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በስልክ «አልችልም» ብሎኝ የዘጋው። ካርድ ተበትኖ። አዳራሽ ተይዞ። ቤ/ክ የሚያውቀኝ ሁሉ «ምነው፣ ምን ሆኑ?» እያለኝ። ልጄ ሁለት ሳምንት ከክፍሏ አልወጣችም።

ጌሙን ያስተማረኝም እሱ ነው! ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ ስተኛ፣ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ። ግሩፑ ላይ የምጠራበትን ስምም ያወጣልኝ እሱ። ማማ ንጎሜ፤ በስዋሂሊ የምሽግ እናት እንደማለት። ዛሬ ማማ ንጎሜ ስትናገር ሰዉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ማን እንደሆነች ግን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሄለን እንደምጫወት እንጂ ስሜን አታውቅም።

እሱ ይወቅ። እንዲያውቅ ነው ግሩፑ ላይ የምጽፈው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሌሊቱን ሁሉ ወደዷቸው። ስለ ጀልባው፣ ስለ ሸማው፣ ስለ ከበሮው። «ሊቅ ነው» ያለም አለ። ሊቅ! ቡና ሳልቀምስ ቪዲዮውን ደጋገምኩት። ስህተት ፍለጋ። የጦር ኃይላቸው ደህና ነው። ግብራቸው ደህና ነው። ይሄ ልጅ ሥራውን ያውቃል፣ እርር አልኩ።

3፡15 — አገኘሁት!! ሌሎቹ አራቱ ወገኖች ውል ካፈረሱ ይቀጣሉ፤ ከተማቸው ያምጻል፣ ገበያቸው ይዘጋል። የጭጋግ ሰዎች ግን በፈለጉ ቀን ውል አፍርሰው ወደ ጭጋጋቸው ይገባሉ። ቅጣት የለም። ምንም! ደብተሬ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ዋንጂሩ ከወጥ ቤት አንገቷን አውጥታ ደህና መሆኔን ጠየቀች። ከዚህ በላይ ደህና ሆኜ አላውቅም። ሌላ ማን ያስበዋል እንዲህ ያለ ደንብ? ሰው የሚሠራው ራሱን ነው።

ረጅም አድርጌ ጻፍኩ። በእርጋታ፣ በማስረጃ። ጌሙን እንዴት እንደሚያበላሽ አንድ በአንድ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ይሄ ወገን ሠርጉ ሲደርስ የሚጠፋ ሙሽራ ነው።

ለቀቅኩት። ሽሮ በላሁ። ጣፈጠኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3፣ ምሳ ሳይጀመር

ተያያዘ። ሲያፉ ራሱ ሒሳቡን ሠርቶ ማማ ንጎሜ ልክ ነች አለ። ትናንት የጨፈሩት ዛሬ ይሳደባሉ። ወገኑን የጭጋግ ሰዎች የሚለው ቀርቷል። «ብዋና ሃሩሲ» ሆነዋል፤ ሙሽራው ማለት ነው በስዋሂሊ። አንዱ ጀልባ ላይ ሱፍ ለብሶ የሚሸሽ ሰው ስሏል። ዋንጂሩን አሳየኋት፣ ሳይገባት ሳቀች።

እሱ እስካሁን ትንፍሽ አላለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፣ 11 ሰዓት

ትናንት ኩባንያው ተጫዋቾቹን በቀጥታ ቪዲዮ አነጋገረ። ናትናኤል ቀረበ። ከስቷል። ፂሙን አልተላጨም። ስለ ደንቡ ሲጠየቅ አንዳንድ ሰው የሚሄድበት ምክንያት ለሌላው አይታይም፣ ያንን ማሳየት ፈልጌ ነው አለ። ደሜ ፈላ። በአደባባይ ራሱን ያጸድቃል! በውይይቱ መሀል ሁለት ቃል ብቻ ጣልኩ፤ «ሙሽራው ተናገረ።» ከዚያ በኋላ ሰው አላስተነፈሰውም። ዓይኑ አንዴ ጽሑፉ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ታች አየ። አነበበው። አነበበው!

ዛሬ ግን ነገሩ ከጌም ወጥቷል። ፎቶውን አግኝተው መልኩን ይሰድባሉ። ከሥራ ይባረር የሚሉ አሉ። ወደመጣህበት ሂድ ያለም አለ። እኔ አድርጉ አላልኩም። ተዉም አላልኩም።

ጾም ነው ዛሬ። ሆዴ ጾሟል። ሌላው ሁሉ በልቷል።

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቤ/ክ መልስ

ወ/ሮ አስቴር፣ የናትናኤል እናት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ መንገድ ዘጋችብኝ። ዓመት ሊሞላ ነው ፊቴን ሳዞርባት። ዛሬ ግን በሴቶቹ በኩል፣ በሩ ላይ፣ ማለፊያ የለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።

ልጇ እንደማይበላ ነገረችኝ። ሥራ መሄድ ትቷል። ኢንተርኔት ላይ ሰው ተነሣበት፣ ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም አለች። እኔ መሆኔን አታውቅም! ልጁ አልነገራትም። ከዚያ እጄን ያዘች።

«ብዙነሽ፣ እናት ነሽ። ረግመሽው ከሆነ እርግማንሽን አንሺለት።»

አልረገምኩም አልኩ። እጄን አወጣሁ። ቤቴ፣ ኪሌሌሽዋ፣ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ እሰይ አልኩ በሆዴ። አንዴ። ሁለተኛው እሰይ አልወጣ አለኝ።

እንዳታዝኚለት ደብተሬ። እኔም አላዘንኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ 11፡30

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በቅደም ተከተል ልሞክር።

10 ሰዓት ላይ ሄለን ከጊጊሪ፣ ከቢሮዋ መጣች። በሥራ ሰዓት መጥታ አታውቅም። ባዶ ነበር ቤቱ። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ሱፍ የለበሰው ሙሽራ፣ ጀልባው ላይ። የቢሮ ጓደኛዋ ናት ያሳየቻት፣ ለሳቅ ብላ።

«ማሚ፣ ማማ ንጎሜ አንቺ ነሽ?»

ታብሌቱን በፊቱ ገለበጥኩት።

«ፕሊስ አትዋሺኝ። ከስር ጀምሬ አንብቤዋለሁ። ይሄ ያንቺ አፍ ነው።»

እኔ ነኝ አልኩ። ኩራትም ነበረብኝ። ላንቺ ነው፣ እንባሽን ያስከፈልኩልሽ እኔ ነኝ አልኳት። የምታቅፈኝ መስሎኝ፣ ደብተሬ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እሱ አይደለም የተወኝ። ኢት ዋዝ ሚ። እኔ ነኝ የተውኩት።»

ካርዶቹ ላይ የእንግዳ ስም ጽፋ ስትጨርስ ነው የገባት። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሳየው ልቤ ዝም ይላል አለች። ለሱ ነገረችው። አለቀሰ። ከዚያ ለእናትሽ እኔ ልንገራት አለ። እኔ እንደተውኩሽ እንበል፤ እኔን ብትጠላኝ እችለዋለሁ፣ አንቺን ብትጠላሽ ግን መግቢያ የለሽም አላት። ያን ሁለት ሳምንት ክፍሏ የተዘጋችው በኀፍረት ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ እሱን ስሰድብ እየሰማች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኩ። እናትሽ አይደለሁም ወይ?

«ፈራሁሽ።»

«እኔን?»

«ጋሽ ሰይፉን ለአንድ ቃል ዘጠኝ ዓመት አኩርፈሽዋል። ወንድምሽን! እኔንስ ስንት ዓመት ትቀጪኝ ነበር?»

ዋንጂሩ ብርጭቆ ይዛ ብቅ አለች፣ አየችንና ተመለሰች። ሄለን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ዝናብ ነበር፣ ዣንጥላ አልያዘችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

ተናድጃለሁ። ሄለን ላይ፣ ዓመት ሙሉ ስላሞኘችኝ። ናትናኤል ላይ፣ ማን ጠይቆት ነው ደግ የሆነው? ያልከፈለኝ ዕዳ ያለበት መስሎኝ ስንት ቀን ቆጠርኩ። ለካ እሱ ነው ለኛ የከፈለው።

ደንቡ ግን መጥፎ ነው! እሱ ላይ ልክ ነኝ። ልክ መሆኔም አላዳነኝም።

7 ሰዓት — ጻፍኩ፣ ግሩፑ ላይ። ደንቡ መታረም አለበት፣ ሰውየው ግን አልበደለም። ሙሽራ ያልኩት ስለ ጌሙ አልነበረም። የግል ቂም ነበረኝ፣ ቂሙም ስህተት ነበር። ፎቶውን አንሡ። ብዙነሽ ብዬ በስሜ ፈረምኩ።

9 ሰዓት — በሉኝ። ኩባንያው ገዛት አሉ። አሮጊቷ ጃጀች አሉ። ሲያፉ፣ ያ ትናንት ጫማዬን ሊስም የነበረው፣ እኔንም ጀልባ ላይ ሳለኝ፤ ቀሚስ ለብሼ። ፎቶውን ያነሡት ጥቂቶች ናቸው። እሳቱን የለኮስኩት በአንዲት መስመር ነው፣ ለማጥፋት ገጽ ሙሉ አልበቃም። ሲያፉ አንድ ቀን ጌሙ ውስጥ ድንበሬ ላይ ይመጣል። ያኔ እንተያያለን። (አመሌ ነው። በአንድ ቀን አይለቅም።)

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ 10 ሰዓት

ለናትናኤል ትናንት ማታ ይቅርታ ላኩ። ሦስት መስመር። ዛሬ ምሳ ላይ መለሰ። ስለ ሄለን አንድም ቃል የለም። ስለ ስድቡም የለም። እንዲህ ብቻ፤

«ማዘር፣ ደንቡን ልቀይረው ነው፣ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውል ያፈረሰ ምን ይክፈል?»

ማዘር ይለኝ ነበር፣ አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጥ። ዛሬም አለ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠይቆኝ ቢሆን መልሱን ዓይኔን ሳላሽ እጽፈው ነበር። ከተማውን ሁሉ ይጣ። ገበያው ለዘላለም ይዘጋ። ዛሬ ጣቴ መስታወቱ ላይ ቆመ። አምስት ዙር ማንም አያምነው ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። ሦስት አልኩ። እሱንም አጠፋሁ። ምክንያቱ ይጠየቅ ብዬ ጻፍኩ፤ ይሄ ደግሞ በጌም ውስጥ እንዴት ይሠራል?

በጽሑፍ አይሆንም። ወ/ሮ አስቴር ጋ ደወልኩ። ነገ ቤት ናችሁ ወይ አልኳት፤ ልጅሽን ያከሳሁት እኔ ነኝ፣ መጥቼ ፊት ለፊት ልንገርሽ አልኩ። «ነይ» አለች በመጨረሻ፣ ደረቅ አድርጋ። ደረቅነቷ ይገባኛል።

ለሄለን ቴክስት አደረግኩ። እንደማልቀጣት ጻፍኩ። መልሳ «ስንት ዓመት?» አለችኝ፤ ቀልድ ይሁን ምር አላውቅም። ብትፈልግ ከኔ ጋር ትምጣ፣ ባትፈልግ ብቻዬን እገባለሁ አልኳት። አላስገደድኳትም።

ነገ 3 ሰዓት። ሬስቶራንቱን ዋንጂሩ ትከፍታለች። ቁልፉን ሰጠኋት። ጋሽ ሰይፉ ጋም ልደውል ነው፣ አሁን፣ ድፍረቱ ሳይከዳኝ። ቁጥሩን ቀይሮት ካልሆነ። እየጠራ ነው…