ከግሱ ኋላ ያለችው ቃል

ይድረስ ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ ደህና ናቸው ወይ? ትንሿ ጥርስ ማብቀል ጀመረች ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ደህና ነኝ። ድምፄ ብቻ እንደሻከረ ቀርቷል፤ ስልክ ደውዬ ሃሎ ስል ሰዎች አንዴ ዝም ይላሉ። እናቴም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት።

አባባ ማረፉን ሰምተሻል። ይህን የምጽፍልሽ እሱ በሕይወት እያለ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ወቀሳ አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሳሎናችን ከሰዓት በኋላ እንዴት ትሞላ እንደነበር መቼም አትረሺም። ጥቁር ሰሌዳው ቁምሳጥኑን ተደግፎ፣ ልጆቹ ሶፋው ላይ ተደራርበው፣ አባባ በነጠላ ጫማ ቆሞ። መጽሐፍ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ሱፍ የለበሰ ነው ይል ነበር፤ የቋንቋው ባለቤቶች ግን ቤታቸው ውስጥ በፒጃማ ነው የሚያወሩት፣ እኔ ፒጃማውን ነው የማስተምራችሁ። ግሱ አባወራ ነው፣ ከኋላው የምትመጣው ትንሽ ቃል እመቤቲቱ ናት፤ አባወራው ይጮሃል እንጂ ቤቱን የምታዞረው እሷ ናት። ሉክ ማየት ነው፤ ፎር ስትከተለው መፈለግ ይሆናል፤ አፍተር ስትከተለው መንከባከብ። እናቴ ከጓዳ ሆና፣ እስቲ ይኼን ለራስህ ድገመው ትለዋለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ።

እኔ ልጁ ሆኜ አንዱም አልገባኝም። የሰው ልጅ ሲማር የኔው ያንቀላፋል እያለ ሲያማርር አንቺ ነሽ በር ላይ አቁመሽ ያስጠናሽኝ። ፓስ አውት ራስን መሳት ነው፣ ፓስ አዌይ ማረፍ ነው፤ አዌይ ያለበት ተመልሶ አይመጣም አልሽኝ። ያቺን አልረሳኋትም።

ከዚያ እኔ ባሕር ማዶ ሄድኩ። የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ሆንኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ረጅሙ ይባል ነበር፤ አንድ ክፍል ነበርን፤ ዘመድ የሚባል አልነበረውም። አንድ ቀን የጋዙ ቧንቧ ፈነዳ። እሱ ወደ ውስጥ ነበር፣ እኔ በሩ አጠገብ። እሱ ሞተ። እኔ ራሴን ሳትኩ። የፋብሪካው ነርስ ወደ ቤታችን ደወለች።

እኔ ስነቃ ዓይኔ ታስሮ፣ ጉሮሮዬ ተቃጥሎ ነበር። ነርሷ ለቤተሰብ ነግሬያለሁ፣ አትጨነቅ አለችኝ፤ አልተጨነቅኩም። ከስንት ጊዜ በኋላ መናገር ስችል ደወልኩ። እናቴ አነሳችው። እማ አልኳት፤ በዚህ በሻከረ ድምፄ። ስትጮህ ሰማሁ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብሞክር አይሠራም። ሞቷል ከተባለ ልጇ አፍ እማ መባልን ሰምታ ገመዱን ከግድግዳው ነቅላው ኖሯል። ይህን ያወቅኩት ግን ቤት ስገባ ነው።

የተመለስኩ ቀን መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ጃኬት ነው። ከታክሲው ስወርድ ከፊቴ እየሄደ ነበር፤ የሟች ልብስ ብለው ሰጥተውት የሰፈራችን ዘበኛ ለብሶታል። ጠራሁት። ዞር ብሎ ሲያየኝ የያዘው ዳቦ ከእጁ ወደቀ፤ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ሰፈሩ ሁሉ ያኔ አላዛር ብሎ ስም አወጣልኝ፤ ቀልድ ነው፣ ግን በቀልዱ መሀል እጄን ሲጨብጡ ትንሽ ያዝ አድርገው ሙቀቱን ይለካሉ። እናቴ እግሬን ዳሰሰች፣ ጠባሳዬን ፈለገች፣ አገኘች። እሷ ግን አሁንም ስሜን ስትጠራ ሁለት ሰው አቤት የሚላት ይመስል ቆም ትላለች። አንዳንዴ ጎኔ ተቀምጣ ያኛው ልጄ ይኼን ይወድ ነበር ትለኛለች። ያኛው እኔ ነኝ።

እኔም ረጅሙን እሰማዋለሁ። ሲነጋጋ፣ ከመኝታዬ ማዶ፣ እንደ ድሮው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ለእኔ የተለቀሰው ለቅሶ የሱ ነበር። ለሱ ያለቀሰለት የለም።

አንቺም አግብተሽ ነበር። አልቅሳ አልቅሳ፣ ኑሮ ነውና ትዳር ያዘች አሉኝ። ዋጥ አደረግኩት። እውነት ለመናገር ከነገሩ ሁሉ የከበደኝ ይኼ አልነበረም፤ የከበደኝ የአባባና የእናቴ ነገር ነው።

እንዴት ሞተ ተባልኩ ብዬ ስጠይቅ አባባ ማንም አፉን ሳይከፍት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ አለ። ነርሷ ፓስ አውት ስትለኝ ፓስ አዌይ መሰለኝ፤ እርጅና ነው፣ ጆሮዬ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ አብራው ማዕድ አልቀረበችም። በአፉ ልጄን ገደለ፣ ቁጭ ብሎ አስለቀሰኝ አለች። ምግቡን ታቀርብለታለች፤ ቃል ግን አታወጣም። ወላጆችም ራስ መሳትን ከሞት የማይለይ መምህር ምን ያስተምራል እያሉ ልጆቻቸውን አስቀሩ። ሰሌዳው ዕቃ ቤት ገባ። ሳሎኑ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ፓስ ባይ፣ ፓስ ኦን፣ ፓስ አፕ እያለ ለባዶ ሶፋ ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ያቺ ነርስ ሳንባዬን ልትጠይቅ ደወለች። ስለ ጤናዬ ከተጨዋወትን በኋላ፣ ያቺ ያኔ ስልኩን ያነሳችው ወጣት ሴት ደህና ናት ወይ አለችኝ። እንግሊዝኛዋ እንዴት ያምር ነበር አለች። የነገርኳትን አንድ በአንድ ደገመችልኝ አለች ነርሷ፤ ጓደኛው ፓስ አዌይ፣ እሱ ፓስ አውት ብላ። ከዚያ ካም ራውንድ ያደርጋል ወይ፣ ይነቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም አልኳት አለች። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ደህና ናት ብያታለሁ።

አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ነርሷ ያለችውን ነገርኩት። ብሩሹን አላቆመም። ያን ቀን ፀጉር ቤት ነበርኩ አለኝ፤ እናትህ ገበያ። ስመጣ እጮኛህ ስልኩን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አለቀሰች፣ ሞቷል ብላ ነገረችኝ። እኔ ለእናትህ ነገርኩ። አንተ በሩ ላይ ስትቆም ነው የገባኝ፤ የኔ ተማሪ እነዚያን ሁለቱን አታምታታም። ወይ ፈርታ ነው፣ ወይ ተመኝታ፤ አንዴ ከአፏ ወጥቶ ቤቱ በጩኸት ሲሞላ ደግሞ መመለሻው ጠፍቷት ይሆናል። እኛ ሁለት ቤተሰብ ተስማምተን በቃል አሰርናት፤ እሷን ማን ጠየቃት? አንተስ ጠይቀሃታል?

አልጠየቅኩሽም። ከባሕር ማዶ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ሠርጋችን ስጽፍልሽ አንድ የጥያቄ ምልክት አልነበረበትም።

ተናድጄ ወጣሁ፤ ሰፈሩን ዞሬ ተመለስኩ። እሺ ለሰው አትናገር፣ ለእማ እንኳ ንገራት አልኩት። እናትህ የምትቆጣው ሰው ያስፈልጋታል አለኝ፤ እኔ ቅርብ ነኝ፣ ይልመድብኝ። የልጅቷ ቤት ገና ጭቃው አልደረቀም። የኔን ጆሮ ማርጀት ማንም ያምናል።

ሲታመም እናቴ በማንኪያ ታጎርሰው ነበር፤ ያም ሆኖ በዝምታ። ዓይን ዓይኗን እያየ ይውጣል። ነፍሱ ስትወጣ ነው አፏ የተከፈተው፤ ጆሮህን እንጂ አንተን መች ጠላሁህ እያለች ደረቷን ስትመታ፣ አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ዋጥኳት። እሱ የዋጠውን እኔ ልተፋው አልቻልኩም።

ቀብሩ ላይ አይቼሻለሁ። ከአጥሩ ውጭ ልጅሽን አዝለሽ ቆመሽ ነበር። እናቴም አይታሽ ኖሮ፣ ሂድና ጥራት፣ የሱ ተማሪ እንዴት ከውጭ ትቆማለች አለችኝ። ሰው እየገፋሁ ስወጣ ሄደሻል። እስካሁን መጣች ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

እኔ አሁን ፍሪጅ ጥገና ቤት ነው የምሠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነኝ። ብትመጪ አታገኚኝም። በሩ አይቆለፍም። ለእናቴ ምን እንደምትያት የማዝሽ እኔ አይደለሁም፤ ምንም ባትያትም ልጅሽን እቅፏ ላይ አስቀምጪላት። ያለ እንባ የምትይዘው ነገር ካገኘች ቆይታለች።

ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ። ለነገሯ ሁሉ ደፋር አንደበት ይስጣት፤ ስለ እሷ ቃል ከመስጠታቸው በፊት እሷን የሚጠይቁ ሰዎችም ይዘዙላት። አንቺንም የሰላም እንቅልፍ ያስተኛሽ።

የመምህርሽ ልጅ