የአምስተኛው ቀን እጥበት

ልጄ ኔሊዳ፣ ሚላን የምታድሪበትን ቤት ጌታ በሰላም ይሙላልሽ።

ከሁሉ በፊት ጥፋቴን ልንገርሽ። እናትሽ ባረፈች በአምስተኛው ቀን፣ እንደ ወጋችን ልብሷን ቪልካኖታ ወንዝ ወርደን ስናጥብ፣ ስልኳን ኪሴ ውስጥ ደብቄ አስቀረሁት። ድምጿን ለመስማት ነበር። እያደር ግን አንቺ ለሷ ብቻ የጻፍሽላትንም፣ ከእኔ ሸሽጋ ስለ ሕመሟ ስልኩ ላይ እየጻፈች የጠየቀችውንም አነበብኩ።

እኛ ደህና ነን። ከድንቹ ግማሹን ውርጭ መታው እንጂ ጠጉራቸውን የምንሸልታቸው አልፓካዎቹ ወልደዋል።

ባለፈው እሑድ ስልኩ «እዚህ ያለው ሁሉ እንዳይጠፋ ኩባንያችን ያስቀምጥልዎት?» የሚል ጽሑፍ አወጣልኝ። አበልጄን ኢላሪዮንን ባማክረው ሳቀብኝ።

«አይ አበልጄ! ለጎረቤት የማትነግረውን የሚስትህን ገበና፣ ለማታውቀው ሰው አደራ ልትሰጥ?»

«አናይም ብለው ቃል ገብተዋል እኮ።»

«የሰው ገበና እጅህ ቢገባ አንተስ አታይም ነበር?»

በጨዋታ ነው ያለው፤ የሠራሁትን አያውቅም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ጸሎት ላይ ቀና ማለት አቃተኝ። ኩባንያው ይታመናል አይታመንም ስል፣ አደራ የበላሁት እኔው ነበርኩ።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ልትነግሪኝ የምትወጂው ካለ በራስሽ አፍ ንገሪኝ፤ ካልወደድሽም አልጠይቅሽም። እመቤታችን በወጣሽበት በገባሽበት ትጠብቅሽ።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ወንዝ ወረድኩ። ልብሷን ያጠብንበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ድምጿን አንዴ ሰማሁና ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት።

አባትሽ